የአክስሉ ምስክርነት

ሁለት ነገር አይሆንልኝም፤ ቆሻሻ ዕቃ አይቼ ማለፍና አፌን መያዝ። በ1979 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሳለሁ፣ ቆሻሻ አለመውደዴ ባሌን ሊያስፈርድበት ነበር።

ባሌ አብዱናሲር እዚያው ጋራዥ መካኒክ ነው። ኅዳር ላይ ከሁሩታ ስንዴ ጭኖ የመጣ መኪና፣ ከተማ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የኋላ አክስሉ ተሰበረና ተገለበጠ። ሾፌሩ ጆቴ እግሩ ተሰብሮ ነፍሱ ተረፈች፤ ስንዴው ግን አስፋልት ላይ ፈሰሰ። በዚያ ዘመን የመንግሥት እህል እንዲሁ አይፈስም፤ ያፈሰሰው ሰው መገኘት አለበት። አብዱናሲር ከሦስት ቀን በፊት የዚያን መኪና፣ አክስሉ ላይ ተጣብቆ ጎማውን የሚያሽከረክረውን ኩሽኔታ ቀይሮ ነበር። አልወጣ ያለውን ኩሽኔታ በብየዳ እሳት አግሎ አክስሉን አዳክሟል ተብሎ በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሶ ታሰረ። እሱም ለዳኛው «እሳት አላስነካሁም» አለ።

እውነቱን ልናገርና፣ አላመንኩትም። አብዱናሲር ትዕግሥት የለውም። በመዶሻ ሁለቴ መትቶ ካልሆነለት እሳት ይለኩሳል፤ ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቼ ተቆጥቼዋለሁ። ግን ባሌ ነው፣ የልጆቼ አባት ነው። ጥርጣሬዬን ዋጥ አድርጌ ስንቅ ማመላለስ ያዝኩ።

ዳኛው ስብራቱ በባለሙያ ይታይ አሉ። ባለሙያው ኢንጂነር ንዋይ ነበር፤ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የመጣ፣ ከመምህሩ ጋር እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚጻጻፍ፣ ድምፁ የማይሰማ ቀጭን ሰው። የተሰበረው አክስል ለምርመራ ይዘጋጅ የሚል ደብዳቤ ወደ ግምጃ ቤቴ መጣ። እኔም አዘጋጀሁት። ከእኔ እጅ ዝገት ያለበት ዕቃ ወጥቶ አያውቅም፤ ለተማረ ሰው የሚቀርብማ እንዴት ተብሎ። በናፍጣ አጠብኩት፣ የተሰበረበትን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ መስተዋት አስመሰልኩት።

ንዋይ ሲያየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ወይዘሮ በድሪያ፣ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ የሚነግረን ይኼ ፊቱ ነበር። አጠፉት እኮ» አለኝ።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የተከሳሽ ሚስት ማስረጃ ፈተገች ሲባል፣ ማን ነው ሞኝነት ነው ብሎ የሚያልፈው? ከተደረደሩት ጎማዎች ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረኝ። መምህሩ በሚሠሩበት ቦታ ኒውትሮን የሚባል ነገር እንደ ጨረር ብረት ውስጥ ይለቀቃል። ራጅ የብረቱን ቆዳ ሲያይ፣ ይኼኛው እስከ ሆዱ ይዘልቃል። የብረት አተሞች ሸማኔ እንደወጠረው ድር ተሰልፈው ነው ያሉት፤ ብረቱ ውስጥ ውጥረት ካለ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለወጣል፣ ያም ይለካል። አክስሉ ሲሠራ ውስጡ የቀረ ውጥረት ካለ አይደበቅም አለኝ።

«ዋናው ነገር፣ እሳት እንዲህ ያለውን ውጥረት ያረግበዋል። ውጥረቱ በቦታው ካለ እሳት አልነካውም ማለት ነው። የእርስዎ ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ እዚያ ድረስ አይገባም» አለ።

መፈተጌን ራሱ ለዳኛው ጽፎ አሳወቀ። ዳኛው በሰው ፊት ክፉኛ ገሠጹኝ፤ አፌን የያዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ብረቱ ግን እንዲላክ ፈቀዱ።

አምስት ወር ጠበቅን። ስለ ኒውትሮኑ ለአብዱናሲር ስነግረው ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ፊቱ ጠቆረ፤ ያመጣሁለትን ምግብ ሳይነካ መለሰው። ጥርጣሬዬ ያኔ ሥር ሰደደ። ከዚያ በኋላ በየሶላቱ አላህን የምለምነው ፍትሕ እንዲሰጠን አልነበረም፤ ያ መሣሪያ የእሳቱን ነገር እንዳያጋልጥ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ውጤቱ መጣ። ንዋይ ፍርድ ቤት ቆሞ አነበበ፤ ዳኛው ሁለቴ ጮክ ይበሉ አሉት። ኩሽኔታው በሚቀመጥበት ቦታ፣ ከቆዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ብረቱ ሲሠራ የቀረ ከባድ ውጥረት ተገኝቷል። አልረገበም። ስለዚህ ቦታው በእሳት አልጋለም። ዳኛው ባሌን በነጻ አሰናበቱት።

አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ አላውቅም። አምስት ወር ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣልኝ።

ጋሪ ላይ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ግን አፌ አላስቀምጥ አለኝ። «አብዱ፣ ጠርጥሬህ ነበር። አውፍ በለኝ» አልኩት።

«እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር» አለ።

አደጋው በደረሰበት ሳምንት የሁለት መኪና ኩሽኔታ ቀይሯል። አንዱን በእሳት አግሎታል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አያስታውስም። «ለዳኛው አላስነካሁም ያልኩት ፈርቼ ነው። ወላሂ በድሪያ፣ የጆቴን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ እያልኩ ነው የከረምኩት።» ይኼን ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ትከሻው ወደ ታች ወረደ። እጁን ያዝኩት።

ወዲያው ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ። ያ አክስል እሳት ካልነካው፣ የነካው የሌላኛው መኪና አክስል ነው። መኪናው እስከ ዛሬ ዝዋይ ይመላለሳል። ቤት ሳንደርስ ጋሪውን ወደ ጋራዡ አስመለሰ። እኔ ግምጃ ቤቱን ከፍቼ አዲስ አክስል አወጣሁ፤ ቅጹን በኋላ እንሞላዋለን አልኩ፣ በዕድሜዬ ብሎኝ እንኳ ያለ ቅጽ አውጥቼ የማላውቀው ሴት።

በሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። አሥር ሰዓት ላይ ከዝዋይ ሽንኩርት የጫነው ያ መኪና በደህና ገባ። ሾፌሩ ሁንዴ አብዱናሲርን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ በሁለት እግሩ ዘሎ ወረደና አቀፈው። ባሌ ያለቀሰው ያኔ ነው።