ሒሳብ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው

እኛ መንደር ሰው ከባንክ አዲስ ካርድ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያሳየው ለእኔ ነው። ለሚስቱ የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አያሳያትም። ሳዲዬ እባላለሁ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ጥጥ ለቀማ ገባሁ። ይሁን እንጂ ባንኮች ከካርዱ ጋር አጣጥፈው የሚልኩትን፣ ፊደሉ ከጉንዳን እግር የቀጠነውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው በሶኬ ሜዳ ላይ ከእኔ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ያልገባኝን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ እፈልጋለሁ። መዝገበ ቃላቱም ካልገባው ባንክ እደውላለሁ። አንድ ቀን የባንኩ ልጅ፣ "እህቴ፣ ይሄን እኔም አላውቀውም" አለኝ። ያን ቀን እራት ሁለቴ በላሁ።

ቤታችን ሦስት ካርድ አለ። አረንጓዴው የአባቴ የእርሻ ካርድ ነው። ናፍጣ፣ ማዳበሪያ፣ ዘርና የመስኖ ዕቃ ይገዛል፤ ሽንኩርት ግዛ ብትለው አሻፈረኝ ይላል። ግን ሆደ ሰፊ ነው። ገበሬ የወር ደሞዝ እንደሌለው ስለሚያውቅ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ፣ ጥቅምት ላይ ጥጡ ሲሸጥ አንድ ጊዜ ይጠይቃል።

ቀዩም የአባቴ ነው፤ ትልልቅ ዕቃ ለመግዛት ነው፤ ዋጋውን በየወሩ ከፋፍሎ ያስከፍላል። በየወሩ በአሥራ አምስት ሒሳቡን ይዘጋል፣ በሃያ አምስት ገንዘቡን ይፈልጋል። ስለዚህ በአሥራ አራት የገዛ ሰው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ሲያገኝ፣ በአሥራ ስድስት የገዛ አርባ ቀን ይተነፍሳል። ይህን ለመንደሩ ሁሉ ጩኼ አስተምሬያለሁ። "ሒሳብ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ክብሪት እንኳ አትግዙ!" እላለሁ። ሙሽሮች ፍሪጅ ከመግዛታቸው በፊት ቀኑን እኔን ይጠይቃሉ።

ሰማያዊው የእናቴ የሁሪዬ ነው። ከፋፍሎ መክፈል የሚባል ነገር አያውቅም፣ ግን ሩዝና ሳሙና በገዛች ቁጥር ነጥብ ያጠራቅምላታል፤ ነጥቡ እንደ ገንዘብ ይሠራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሳሎኗ መጋረጃ ስታጠራቅም ኖራለች። ወር በገባ ቁጥር "ስንት ደረሰ?" ትለኛለች።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። "ጠላቂው" የምንለው፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰምጠው ፓምፕ ተቃጠለ። ጥጡ አበባ ላይ ነበር። ጥጥ አበባ ላይ ሳለ ውሃ ካጣ አበባውን ያረግፋል፣ ያረገፈውን መልሶ አያወጣም። አባቴ ሬምዚ ማሳው ዳር ቁጢጥ ብሎ አንድ ቅጠል በጣቱ አሸት አሸት አደረገና፣ "እስከ ቅዳሜ" አለ። "ከቅዳሜ በኋላ የምናጠጣው እንጨት ነው።"

ሞተር ጠጋኙ ሁለት ቀን ሲፈታው ሲገጥመው ቆይቶ ሐሙስ ጠዋት፣ "ይሄ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር" ብሎ መለሰልን። ሐሙስ ማለት አሥራ አራተኛው ቀን ነበር።

ወደ ሶኬ ከተማ፣ ወደ ኑረቲን የመስኖ ዕቃ መደብር ሄድን። የእናቴ ወንድም ካዚምም ሳይጠሩት መጣ፤ እሱ ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ሁሉ አይጠፋም፣ የሚያወጣው ግን እሱ አይደለም። ኑረቲን ሻይ አስመጣና ዋጋውን ነገረን። ስድሳ ሺህ ሊራ።

"ለታላቅ ወንድሜ ለሬምዚ አቢ ስል ትርፌን ጥዬ ነው" አለ።

"የጣልከውን አሳየኝና አንስቼ ልስጥህ" አልኩት። ሳቀ፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

አባቴ አረንጓዴውን ካርድ ሰጠው። እኔ እግሬን ዘርግቼ ሻዬን እጠጣ ነበር። የእርሻ ካርድ ለእርሻ ዕቃ፣ ክፍያው ጥቅምት ላይ፣ አለቀ። ካርዱ ዘጠና ሺህ ይችላል፤ ለዘርና ለማዳበሪያ ያወጣነው ሠላሳ ሺህ ብቻ ነው። ስድሳ ሺህ በትክክል ይቀራል። ማሽኑ ጮኸ። ኑረቲን ድጋሚ ሞከረ። ድጋሚ ጮኸ።

"አይበቃም ይላል፣ አቢ።"

ወደ አባቴ ዞርኩ። እሱ የሻዩን ማንኪያ ነበር የሚያየው።

"አባዬ?"

"ግንቦት ላይ ሂልሚ ናፍጣ ወስዶበታል" አለ ቀስ ብሎ። "አርባ ሺህ። ሐብሐቡ ሲሸጥ ሊከፍል።"

ይሄ የሜዳችን በሽታ ነው። ሰው ትራክተሩን ሲያውስ የዘይቱን ልክ ይጠይቃል፤ ካርዱን ሲያውስ ግን መጠየቅ ነውር ነው። በዚያ ላይ ሂልሚ የአባቴ የወታደርነት ጓደኛ ነው፤ ካርስ በሚባለው ከተማ በረዶ ውስጥ አንድ ካፖርት በፈረቃ ለብሰዋል። ካፖርት ያካፈሉትን ሰው ገንዘቤን አምጣ አይሉትም።

"ሐብሐቡ እኮ ተሸጠ!" አልኩ። "መኪናው ባለፈው ሳምንት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ!"

"እኔም አይቻለሁ" አለ አባቴ።

ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሻይ ቤት ያልሄደው ለዚህ ነበር። ወገቤን አሞኛል ሲለን ከርሞ፣ ያመመው ሌላ ነገር ኖሯል።

አጎቴ ካዚም ጊዜ አላጠፋም። "ቀላል ነው። በቀዩ ካርድ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ እንሳብ፤ የጎደለውን እኔ የማውቀው ሰው ያበድረናል።"

"አጎቴ፣ ቀዩ ካርድ ዕቃ ስትገዛበት በግ ነው። ጥሬ ገንዘብ ስትጠይቀው ተኩላ ይሆናል። ወለዱን መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡን ከማሽኑ አፍ ሳትመዝዘው ነው። የአንተን ሰውዬ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ከእሱ የተበደረ ሁሉ ዛሬ በእሱ ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው።"

"ምላስ ብቻ! ይቺን ልጅ ማን ያገባታል?"

"ሂሳብ የሚችል።" ቀጠልኩ። "ደግሞ ቀዩ ላይ የቀረው አሥራ ስምንት ሺህ ነው። ካርዱ ከሚችለው አርባ ሺህ ውስጥ ሃያ ሁለቱ ተወስዷል።" ስልክ አላየሁም፤ በቃሌ ነው የማውቀው። በቃሌ ማወቄ ደግሞ ያኮራኛል። ጥፋቴም እዚያው ጋ ነበር።

የኑረቲንን ሞተር ብስክሌት ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

"ሳዲዬ፣ እንዳትሄጂ" አለ አባቴ። "ልጄ፣ ሂልሚን እንዳትናገሪው።"

"አልናገረውም፤ ጥቂት ነገር ልጠይቀው ነው" ብዬ ወጣሁ።

ሂልሚ ማሳው ላይ የቀሩትን ሐብሐቦች ሣጥን ውስጥ ይደረድር ነበር። እኛ ዘንድ የሚሠራ ሰው አጠገብ ስትደርስ "ሥራው ይቅለልዎት" ትላለህ፤ ጠላትህም ቢሆን ትላለህ። እኔ አላልኩም። ፊቱ ሄጄ ተገተርኩ። ሂልሚ እስክናገር ጠበቀና፣ አለመናገሬ ሲገባው ሐብሐቡን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ምን ሆንሽ፣ ልጄ? ሰው ሞተ?"

"ፓምፑ ተቃጥሎ የእኛ ጥጥ እየሞተ ነው፣ አጎት ሂልሚ። የእርስዎ ሐብሐብ ግን በደህና ተሸጠ አሉ። ጣፈጠ?"

"እንዴት ነው የምታወሪው?"

"አባቴ አፍሮ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ተቀምጧል። የበላው ሰው ሻይ ቤት ይቀመጣል፣ ያበላው ይደበቃል። ካርስ ላይ የተካፈላችሁት ካፖርት አርባ ሺህ ሊራ ያወጣ ነበር እንዴ?"

ፊቱ አመድ መሰለ። ኮፍያውን አወለቀ፣ የውስጡን ጨርቅ ገለጠና በላብ የራሰ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የባንክ ደረሰኝ ነው። ሰኞ፣ ሐምሌ አሥራ አንድ። አርባ ሺህ ሊራ ገቢ፣ በሬምዚ ስም።

"ሰኞ ጠዋት ባንኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ" አለ። "ማንበብ ትችያለሽ ይሉሻል። አንብቢ።"

አነበብኩ። የካርዱ ቁጥር መጨረሻ አሥራ ስድስት ይላል። አረንጓዴው መጨረሻው አርባ ስምንት ነው። አሥራ ስድስት ቀዩ ነው።

"ቁጥሩን ማን ሰጠዎት?"

"እናትሽ። 'የሬምዚን የካርድ ቁጥር ንገሪኝ' አልኳት። ከዳቦው መሳቢያ አውጥታ አነበበችልኝ።"

እዚያው ማሳ መሃል ለእናቴ ደወልኩ።

"አዎ፣ ቀዩን ነው ያነበብኩለት" አለችኝ። "ካርድ ብሎ ጠየቀኝ፣ ካርድ አነበብኩ። ሂልሚ ሊከፍል መሆኑን ደግሞ አባትሽ ያውቃል ብዬ አልነገርኩትም። ምነው፣ ምን ጠፋ?"

"ምንም አልጠፋም እማዬ" አልኩና አፌ ላይ ሳቅ መጣ። ለሦስት ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማኝ። ምንም አልጠፋም! ገንዘቡ አለ፤ የተኛው ሌላ አልጋ ላይ ነው። የአባቴ ስልክ የባንኩን መልእክት ሰኞ ዕለት ተቀብሎ ነበር፤ ማንም ከማያነባቸው ሦስት መቶ መልእክቶች ጋር ተቀብሮ ቀርቷል እንጂ። እኔ ደግሞ በቃሌ አውቃለሁ ብዬ አላየሁም።

ሂሳቡን አየር ላይ ሠራሁት። አርባው ሺህ የቀዩን ዕዳ ሃያ ሁለቱን ዘጋ። አሥራ ስምንት ሺህ ተረፈ። ካርዱ ከራሱ አርባ ሺህ ጋር አሁን ሃምሳ ስምንት ሺህ ይችላል። ፓምፑ ስድሳ ነው።

ከዚያ ቀና ስል ሂልሚ አሁንም ቆሞ እያየኝ ነው። ሂሳብ ከመሥራቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ረስቻለሁ። እጁን ይዤ ሳምኩና እንደ ወጉ ግንባሬ ላይ አስነካሁት። ሐብሐብ ሐብሐብ ይሸታል።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አጎት ሂልሚ። ምላሴ ይቆረጥ።"

"ምላስሽ ከተቆረጠ ምን ይቀርሻል?" አለ። እጁን ግን አልነጠቀኝም። ደረሰኙን መልሶ ኮፍያው ውስጥ ሸጎጠ። "ስድቡ ብዙ ነው። በአንዴ መክፈል አትችይም። በስንት ወር ላድርግልሽ?"

"በዘጠኝ ወር" አልኩ። "ያለ ወለድ።"

"አባትሽን ስለማውቀው ይሁን። ነይ፣ ያንን ፓምፕ የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋችኋል።"

መደብሩ ስንደርስ አባቴ ሂልሚን ከሞተር ብስክሌቱ ኋላ ሲያየው ተነስቶ ቆመ። ደረሰኙን ከሂልሚ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማሳው ላይ የተናገርኩትን ብቻ ዘለልኩት። ሂልሚም አላጋለጠኝም። አባቴ ወረቀቱን አላነበበም። ሂልሚን ትከሻው ላይ በጡጫ መታው፣ ሂልሚም መታው፣ ከዚያ ሁለቱም ለኑረቲን "ሻይ!" ብለው ጮሁ። የአባቴ ወገብ ያኔውኑ ዳነ።

አጎቴ ካዚም ግን የሚይዘው ነገር አገኘ። "ቆይ ቆይ። ዛሬ አሥራ አራት አይደለም እንዴ? ሒሳብ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ክብሪት አትግዙ ያለችው ማናት? እስከ አሥራ ስድስት አንጠብቅም?"

አሥራ ስድስት ቅዳሜ ነው። በእኔው ሕግ ቢሆን መጠበቅ ነበረብን። ሁሉም አዩኝ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስለ አበባ የተጻፈ ነገር የለም።

"ክብሪት አይረግፍም፣ አጎቴ" አልኩት። "ዛሬ እንገዛለን። በዘጠኝ ወር ከተከፈለ በወር ስድስት ሺህ ተኩል አይሞላም። የተረፈው አሥራ ስምንት ሺህ የሐምሌንና የነሐሴን ሙሉውን፣ የመስከረምንም አብዛኛውን ይሸፍናል። ጥቅምት ላይ ጥጡ አለ። አረንጓዴውም ጥቅምትን ነው የሚጠብቀው፤ ይጠብቅ፣ ጠባዩ ነው።"

"ሁለት ሺህ ይጎድላል እኮ" አለ ኑረቲን።

ያኔ ነው ለእናቴ ድጋሚ የደወልኩላት።

"እማዬ፣ ነጥብሽ ስንት ደርሶ ነበር?"

"ሁለት ሺህ ሦስት መቶ" አለች። "ወላሂ ሳዲዬ፣ መጋረጃዬን ለጉድጓድ ልታለብሺ ነው?"

"የቀዩን ቁጥር ያነበበው ማነው?"

"ውሰጂው፣ ውሰጂው! ጥቅምት ላይ ግን መጋረጃው ከነዘርፉ ነው የሚገዛልኝ!" የገበያ ቀን ስለነበር ሰማያዊው ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቀዩ ደግሞ አባቴ ኪስ። ሁለት ሺሁ በሰማያዊው፣ ሃምሳ ስምንቱ በቀዩ። ማሽኑ ሁለቴ ወረቀት ተፋ፤ አንዴም አልጮኸም።

ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ነፋስ ሲነሳ ፓምፑ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሂልሚ ገመዱን ያዘ፣ አባቴ ቱቦውን ቀጠለ። ማብሪያውን ስጫነው ቱቦው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቡናማ ጭቃ፣ ከዚያ ጥርስ የሚያሳምም ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ ውሃ። አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ገባበት።

ሂልሚ አካፋ ይዞ ለውሃው መንገድ ይከፍት ጀመር። ውሃው ከኋላው እየተከተለ የመጀመሪያውን መስመር ሞላው፣ ወደ ሁለተኛው ታጠፈ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"ሥራው ይቅለልዎት፣ አጎት ሂልሚ።"

ቀና ሳይል አንድ አካፋ አፈር አነሳና ጣለ።

"አንድ ገባ" አለ። "ስምንት ይቀርሻል።"