የሄሊኮፕተሩ ጎረቤት

ሙሉዓለም ትራሱን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ በሁለት እጇ ተጫነችው፤ ትራስ የሚመልሰው ድምፅ ግን አልነበረም። ሄሊኮፕተሩ ጣሪያውን ገፎ ሊወስደው የመጣ ይመስል ዝቅ ብሎ አለፈ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ ውጪ ያሰጣችው የሥራ ልብሷ ከነመቆንጠጫው በርሮ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ገና ሸለብ እያደረጋት ነበር።

"ምን አድርጌህ ነው? ምን በደልኩህ?" ብላ ወደ ኮርኒሱ ጮኸች። ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም።

ኤሚሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ፣ አል ጃሂሊ አካባቢ፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው የምትኖረው። ነርስ ናት። ኮሮና ከገባ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የሚሠራው የእሷ ቡድን ነው፤ እንቅልፏ ቀን ላይ ነው። ቀኑን ደግሞ ባለ ሄሊኮፕተሩ ወስዶባታል። ከአጥሯ ማዶ ያለው ሰፊ ግቢ ባለቤት አቡ ዳቢ ከተማ እየተመላለሰ የሚነግድ ሀብታም ነው። ጠዋት ይሄዳል፣ ረፋዱ ላይ ሰው ይልካል፣ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ያስመጣል፤ ሁሉም በእሷ ጣሪያ ላይ ነው።

ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። ትናንት ማታ ግን የስኳር በሽተኛውን መርፌ ይዛ ስኳር የሚባል ነገር ወደሌለባቸው ሽማግሌ አልጋ ሄደች። እጅጌያቸውን ሰብስባ፣ በአልኮል ጠርጋ፣ ልትወጋ ስትል የፈረቃው ኃላፊ ፊሊፒናዊት እጇን ቀብ አደረገቻት። ሽማግሌው ምንም አላወቁም፤ እንዲያውም አመስግነዋታል። ያ ምስጋና ነው እስካሁን ሆዷን የሚበላት። ኃላፊዋም "ለዛሬ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር፤ ዳግመኛ ግን አልሸፍንልሽም" ብላታለች። ዛሬ ማታም እዚያው አልጋ አጠገብ ልትቆም ነው።

ስልኳን አንስታ ባሏ ጫኔ ጋ ደወለች። ጫኔ አቡ ዳቢ ከተማ፣ አል ሪም ደሴት ላይ ያለ ፎቅ እንግዳ ተቀባይ ነው። መንገዱ በወረርሽኙ ምክንያት ሳይዘጋ በፊት በየሳምንቱ ይመጣ ነበር።

"ዛሬም መጣ" አለችው።

"ጆሮሽ ላይ ጥጥ ነገር አታደርጊም?"

"ጥጥ! ሰውዬው ራሴ ላይ እየጋለበ ጥጥ ትለኛለህ?"

"ታዲያ ምን ልበልሽ ሙሌ? እኔ እንኳ አፍንጫዬን ተመርምሬ፣ ውጤቱን ይዤ፣ ኬላው ላይ ሚስቴ ጋ ነው የምሄደው ብል መለሱኝ።"

"አንተን መለሱህ፤ እሱን ማን ይመልሰው? ለአንተ የተዘጋው አገር ለእሱ ሰማዩ ወለል ብሎለታል። ልሄድ ነው።"

"የት?"

"ግቢው። ልነግራቸው ነው።"

"ሙሌ፣ ከትልቅ ሰው ጋር አትጋጪ። ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን አስቢ እንጂ!"

"እኔ የማስበውማ እነዚያን ሽማግሌ ነው" ብላ ስልኩን ዘጋች።

በሰኔ ፀሐይ አጥሩን ዞራ እስከ ዋናው በር ስትደርስ ማስኳ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። በሩ ላይ ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል። ማስክ ያደረገች ነርስ ሥዕል አለበት፤ ከሥሩ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ "ጀግኖቻችን ሆይ፣ እናመሰግናለን" ይላል። ሙሉዓለም ቆም ብላ አየችውና ሳቅ አመለጣት፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ዘበኛው ግንባሯን በሙቀት መለኪያው ለካ፤ የት እንደምትሠራ ጠይቆ ሲሰማ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና በሬዲዮ ተጣራ።

የመጣው አብዱልሀኪም ነበር፤ የወሎ ሰው፣ የግቢው ጉዳይ ፈጻሚ። በዒድ ሰሞን ጣፋጭ ይዞ ቤቷ መጥቶ ስለነበር ታውቀዋለች።

"ሲስተር! በደህና ነው?"

"ጋሽ አብዱልሀኪም፣ ሄሊኮፕተሩ ሊገድለኝ ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።"

ሰውዬው ግራ ገባው። "እንዴ! ግድ የለም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ?"

"ጣፋጩን ያመጣሁ ቀን 'ይረብሽዎታል ወይ?' ብዬ ጠየቅሁ። 'ኧረ ምንም አይደል፣ እንዲያውም ሰው አጠገቤ እንዳለ ይሰማኛል' አሉኝ። ሻይም አጠጡኝ።"

አዎ፣ ብላለች። አሁን ትዝ አላት። ያኔ ሄሊኮፕተሩ የሚያርፈው በግቢው ወዲያኛው ጫፍ ስለነበር የሩቅ ወፍጮ ያህል ነበር የሚሰማት። ደግሞስ እንግዳ እቤቷ ገብቶ፣ ጣፋጭ ይዞ፣ "አስቸገርኩሽ?" ሲላት "አዎ" የምትል ሐበሻ የት አለች? እናቷ እግሯን የረገጠውን ሰው እንኳ "እኔን!" ነበር የምትለው።

"በወዲያ በኩል ያሉት ጎረቤቶች ጠበቃ ይዘው መጡ" አለ አብዱልሀኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጌታዬም ማረፊያውን ወዴት እናዙረው ሲሉ፣ እኔ 'በነርሷ በኩል ይሁን፤ እሷ እንዲያውም ወዳዋለች' አልኳቸው። ደስ አላቸው። ሸራውንም ያሰቀሉት ያን ቀን ነው።"

እንግዲህ ጩኸቱን ራሷ ላይ የጠራችው በገዛ አፏ ኖሯል! ጠበቃ የያዘው እንቅልፉን ተኛ፤ ሻይ ያፈላችው ሄሊኮፕተር ተጫነባት። በባለ ሄሊኮፕተሩም፣ በአብዱልሀኪምም ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ ግን በራሷ በገነች።

"ታዲያ አሁን ይንገሯቸው። ይረብሻታል ይበሉ" አለች።

አብዱልሀኪም ወደ ዘበኛው ገልመጥ አለ። "ሲስተር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ማረፊያው ሲሚንቶ ፈሶበት አልቋል። አሁን 'አትፈልግም' ብል ውሸታሙ እኔ ነኝ። በዚህ ወር ብቻ ሾፌሩንም አትክልተኛውንም ኸላስ ብለው አባረሩ። የእኔ ልጆች ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ሆነው ከእኔ እጅ ነው የሚበሉት።"

ዐይኑ እንባ አቅርሯል። ሙሉዓለም አንገቷን ደፋች። ላም እሳት ወለደች የሚባለው ይኼ ነው። "በቃ ይተዉት፣ ግድ የለም" የምትለው ቃል ምላሷ ላይ መጣች፤ ዕድሜዋን በሙሉ ስትላት የኖረች ቃል ናት፣ አትከብዳትም። ልትላትም አፏን ከፍታ ነበር። እጅጌያቸው የተሰበሰበው ሽማግሌ ፊቷ ላይ ድቅን ባይሉባት ኖሮ ትላት ነበር።

"እርስዎ አልዋሹም" አለችው። "ያኔ ያልኩትን ነው የነገሯቸው። ያኔ ደግሞ በወዲያ ነበር የሚያርፈው። የእኔን ጉዳይ እኔው እነግራቸዋለሁ። ይደውሉልኝ።"

"ለእሳቸው?"

"ለእሳቸው።"

"አይሆንም ሲስተር።"

"እምቢ ካሉ እዚሁ ሸራው ሥር ቁጭ እላለሁ። ነርስ ሥዕሏ ሥር ፀሐይ ሲጥላት ሰው ይይ!"

አብዱልሀኪም ቀና ብሎ ሸራውን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ በዐረብኛ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ክንዱን እስከመጨረሻው ዘርግቶ አቀረበላት።

"አህለን ሲስተር!" አለ የባለ ሄሊኮፕተሩ ድምፅ። ክፉ ድምፅ አልነበረም፤ ሞቅ ያለ፣ ደግነት ያለበት ድምፅ ነው። "የእኛ ጀግና! እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ቤተሰብሽስ? ደህና ነሽ?"

ለዚህ ጥያቄ በዐረብኛም ሆነ በአማርኛ መልሱ አንድ ነው። ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ልጁን የቀበረውም መጀመሪያ "ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን" ይላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሳይመጣ ይቀራል። አብዱልሀኪም ያንኑ መልስ በከንፈሩ እያሳያት ነበር፤ "አልሐምዱሊላህ ይበሉ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ሙሉዓለም ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

"ደህና አይደለሁም" አለች።