የራባህ መንገድ ሁለት ምስክሮች

በዚያ ሰፈር የሙት ስም ያልተለጠፈበት መንገድ የለም። ከአልጀርስ ወጣ ብሎ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ሲወጡ የኮሎኔሎቻቸው ስም ከየግድግዳው ተነቀለና በቦታው የሰማዕታት ስም ተሰቀለ። ሰማዕት ለመባል ደግሞ ብዙ አያስለፋም ነበር። «ሲዋጋ ወደቀ፣ በዓይናችን አይተናል» ብለው የሚፈርሙ ሁለት የትግል ጓዶች ከተገኙ አለቀ። የመንገድ ስም እንዲህ ነው የሚወለደው፤ አላህ ያሳያችሁ!

ለራባህ መንገድ ከፈረሙት አንዱ ቡጀማ ነው። ሁለተኛው ሞቷል። ቡጀማ ግን ራባህ ሲዋጋ ሲወድቅ መቼ አየና! ያየው፣ ከዳተኛ ነው ተብሎ ተጠቁሞበት በገዛ ጓዶቹ ሲታነቅ ነው። እጁን የፊጥኝ በሽቦ ያሰረውም ራሱ ቡጀማ ነበር። በሳምንቱ ጥቆማው ውሸት ሆኖ ተገኘ። አለቃቸው «አፋችሁን ያዙ» አለ፤ ያዙ። ነጻነት ሲመጣ ቡጀማ፣ ቢያንስ ስሙ ይቁም ብሎ ፈረመ።

አርባ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ፣ በየተራራው የቀረ አጥንት ሁሉ ለአብዮቱ በዓል ወደ ሰማዕታት መቃብር ይግባ አለ። ይህን የሰማችው የራባህ ሚስት ዙሊኻ ረፋድ ላይ መጣችና ካፌው ደጅ ከቡጀማ አጠገብ ዘፍ አለች።

«ቦታውን ንገረኝ።»

«ስንቴ ልንገርሽ? መድፍ ነው የበላው፤ የተረፈ የለም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከባሌ አጥንት አጠገብ ልቀበር አልኩ፣ ይሄ በዛብኝ?»

ቡጀማ ቦታውን አሳምሮ ያውቃል። ቢናገር፣ አጥንቱ ከነሽቦው ይወጣል፤ ታስሮ መገደሉ ይታወቃል፤ የራባህ ስም ከግድግዳው ይወርዳል፣ የልጅ ልጆቹ የከሃዲ ዘር ይባላሉ። እሱስ በየትኛው ዓይኑ ሰው ያያል? ዝም ቢል ደግሞ ይህች ሴት እንዳማራት ትቀራለች። ዕድሜ ልኩን ሸሽቶት የኖረው ነገር አጠገቡ ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል።

«ዙሊኻ» አለ። «መድፍ አይደለም። እኛ ነን የገደልነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ንጹሕ ሰው ነበር።»

አላለቀሰችም። ነጩን መከናነቢያዋን ሳብ አድርጋ አስተካከለች።

«አውቃለሁ። ያ አብሮህ የፈረመው ጓደኛህ ሊሞት ሲል ነገረኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ቦታው ጋ ሲደርስ ምላሱ ተያዘ።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው በየበዓሉ ኩስኩስ እየሠራሽ የምትልኪልኝ? ስታመም እየመጣሽ የምትጠይቂኝ?»

«ብጣላህ ቦታውን ማን ይነግረኛል?»

ነገራት። ከምንጩ በላይ፣ ከተሰነጠቀው ቋጥኝ በስተግራ፣ ሦስት እርምጃ። ሁለቴ አስደገመችው። ከዚያ ጉልበቷን ደግፋ ተነሳች።

«ከልጆቼ ጋር ቀድሜ እወጣለሁ። ሽቦውን በእጄ ፈትቼ ነው ለማዘጋጃ ቤት የማስረክበው። አንተ እንዳትመጣ።»

በበዓሉ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ አጥንቱን ሊሸኝ ወጣ። ቡጀማ ካፌው ደጅ ብቻውን ተቀምጦ ዋለ።