በቅጹ ላይ ያልተጻፈው ክኒን

እኔ ሰው «አጥፍቼዋለሁ» ስላለኝ ብቻ ሽቦ የምነካ ሴት አይደለሁም። አሥራ አራት ዓመት የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ሆኜ አሥሩም ጣቶቼ የቀሩልኝ ለዚህ ነው። አለቃዬ ቢምል ቢገዘት፣ ራሴ በቴስተር ሳልሞክር ወይ ፍንክች! ሥራ ቦታ «ነገረኛዋ» ይሉኛል። ይበሉኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ከወንድሜና ከእናቴ ጋር ክሊኒክ ነበርኩ። ወንድሜን ቤት ውስጥ ቀጮ ነው የምንለው። ድብርት ከያዘው ስድስት ዓመቱ ነው። ያለፉትን ስምንት ወራት ግን ተነሥቶ ፊቱን መታጠብ እንኳ አቅቶት ነበር። አይስቅ፣ አያለቅስ፣ አይቆጣ። ብላ ስንለው ይበላል፣ ተኛ ስንለው ይተኛል። አንድ ቀን ሰሃኑን ላነሳለት ስገባ «እኔ ባልኖር እኮ ታርፉ ነበር» አለኝ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ። ሰሃኑን ይዤ ወጥቼ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ።

ስለዚህ ኬታሚን በሚሰጠው ክሊኒክ ተራ ሲደርሰው ቤታችን ሰርግ መሰለ። ኬታሚን ድሮ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በትንሽ መጠን ሲሰጥ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ያልመለሰውን ድብርት ለአንዳንድ ሰው ያቀልለታል ብለውናል። ለዚህ ተራ ሦስት ወር ጠብቀናል።

ቅጹን የሞላችው እማዬ ናት። ጡረታ የወጣች መምህርት ስለሆነች ጽሕፈቷ ያምራል። ነርሷ ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ «አንዴ ልየው» አልኩና ነጠቅኩ። እማዬ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። «አሁን የሚወስዳቸው መድኃኒቶች» ከሚለው ጎን «ቫይታሚን ብቻ» ተብሎ ተጽፏል።

ደሜ ፈላ። ቀጮ ሁለት ክኒን ነው የሚወስደው፤ ነጩን ጠዋት ለድብርቱ፣ ቢጫውን ማታ ለጭንቀቱና ለእንቅልፉ። እማዬ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ከየካርቶናቸው አውጥታ አንድ ትልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ከተተቻቸው። ለምን ቢሉ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዳያይ። ልጇን እብድ እንዳይሉባት። እኛም ለመድን፣ የመድኃኒቶቹ ስም ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም።

«እማዬ፣ ክኒኖቹን ለምን አልጻፍሽም?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ በሞቴ! ደውዬ ጠይቄያለሁ። የእንቅልፍ ክኒን የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ይመረመራል፣ ቀጠሮው ይራዘማል አሉኝ።» ከዚያ ጠጋ አለችኝ። «ደግሞ የማታውን አሁን እየወሰደ አይደለም። ሦስት ቀን ሆነው ካስቆምኩት።»

 የቀጮን እጆች አየሁ፣ ጉልበቱ ላይ ሆነው ይንቀጠቀጣሉ። እኔ ሞኟ ፍርሃት መስሎኝ ነበር።

እሱም ሰምቶናል። «እትዬ፣ ተይው» አለኝ። «ሌላ ሦስት ወር አልችልም። በቃ አልችልም።»

 እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ቅጹን ለነርሷ ልሰጣት ፈልጌ ነበር። ግን የማይታወቅ ነገር ባለበት መስመር ላይ ወንድሜን አላስቀምጥም!

«ሲስተር!» አልኩ። «ይሄ ቅጽ ውሸት ነው።»

 እማዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ነርሷ ግራ ገባት። «ተፈርሞበታል እኮ። ክፍሉም ተዘጋጅቷል።»

«ትንፋሹ ሲያጥርበት ፊርማው ይተነፍስለታል?»

«እህቴ፣ እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! ዶክተሯን ጥሪልኝ፣ ያኔ እቀንሳለሁ።»

ዶክተሯ ራሷ ወጣች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አጭር ሴት ናት። ብልቃጡን ከእማዬ ቦርሳ አውጥቼ ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኳቸው። ስማቸውን ስልኬ ላይ ካለው የሐኪም ማዘዣ ፎቶ አነበብኩላት። ቢጫውን በጣቷ ለየችና «መቼ ነው ያቆመው? ማን አስቆመው?» አለች።

እማዬ እጇን አወጣች። ዕድሜ ልኳን ተማሪዎችን እጅ ስታስወጣ የኖረች ሴት!

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «እናቴ፣ ነጩ ከኬታሚን ጋር ብዙ ጊዜ አይጣላም፤ ይቀጥላል» አለቻት። «ቢጫው ግን ከኬታሚን ጋር ሲደመር ማደንዘዙን ያከብደዋል፣ ትንፋሹን በደንብ መከታተል ይኖርብናል። ኬታሚኑ የሚሰጠውን ጥቅምም ሊቀንሰው ይችላል። ግን ስድስት ዓመት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ሰውነቱ ተንዘፍዝፎ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። መደበቁም ማቋረጡም፣ ሁለቱም አደጋ ነው።»

እማዬ «ገደልኩት ማለት ነው?» ብላ ዶክተሯን ጠየቀቻት። «ኧረ አለ፣ ይኸው አጠገብሽ ተቀምጦ!» አልኳት።

ዶክተሯ የደም ግፊቱን ለካች፣ ክኒኖቹን ላዘዘው ሐኪም እዚያው ፊታችን ደወለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ወንድሜ ሁለት ሐኪሞች ሲነጋገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የማታው ክኒን በነበረው መጠን እንዲመለስ ተስማሙ፣ ዶክተሯም የመጀመሪያውን እዚያው አስዋጠችው። ወደፊት ቀስ እያሉ ይቀንሱት ወይስ ሰዓቱን ያስተካክሉ የሚለውን ሁለቱ ተማክረው ይወስናሉ። ኬታሚኑ ግን ዛሬ የለም።

«ጥሩ» አልኩ። «ተራው ግን አይጠፋም። እውነቱን ስለተናገርን ወደ ወረፋው መጨረሻ የምትመልሱት ከሆነ፣ ነገ ሌላዋም እናት ትዋሻችኋለች።»

 ዶክተሯ ወደ ነርሷ ዞራ «የዛሬ አሥራ አምስት ቀን፣ መጀመሪያ እሱ» አለች። በወረቀት አስጻፍኩት። ማኅተምም አስመታሁበት።

ወጥተን አስፋልቱ ዳር እንደደረስን ቀጮ ድንገት ቆመ። ፊቱ ቀልቷል።

«ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ሁሌ አንቺ! ሁሌ አንቺ ብቻ ታውቂያለሽ! ጠላሁሽ!»

አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን። እማዬ ክንዱን ያዘችው። «ልጄ፣ ተው፣ ሰው ይሰማናል።»

«ይስማ!» አላት፣ ክንዱን መንጭቆ። «ታምሜያለሁ! ስድስት ዓመት ታምሜያለሁ! ምን ይሁን?»

አንድ ጋዜጣ ሻጭ አንገቱን አውጥቶ አየው። አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። እማዬ ግራና ቀኝ አየች፣ መሬት አየች፣ ከዚያ መልሳ ክንዱን ያዘችው። በዚህኛው ጊዜ ግን «ተው» አላለችውም።

እኔ እንባዬ እየወረደ እስቅ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ የዚህን ልጅ ድምፅ ከግድግዳ ማዶ ጆሮዬን ቀስሬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

«ጥላኝ» አልኩት። «ከፈለግክ ሃምሳ ዓመት ጥላኝ። እኔም እኖራለሁ፣ አንተም ትኖራለህ።»