ከሱሃር እስከ ቮይኒካ፣ ያለ ምሰሶ

ተራራ ላይ ብረት መትከል ሰውን ስንፍና ማስተማር ነው። ይህን የተናገርኩት በተራራ ተጓዦች ማኅበራችን የጸደይ ስብሰባ ላይ ነው፤ ዛሬም እለዋለሁ። የሰው ልጅ ዓይንና አእምሮ ተሰጥቶት፣ ካርታ በየመጻሕፍት መደብሩ ተደርድሮለት፣ እንደታሰረች ፍየል ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ ቤቱ ቁጭ ቢል ይሻለዋል። ተራራው አይናፍቀውም።

ስታሜን ንግግሬን አልወደደውም። ስታሜን ከቮይኒካ ጫፍ ሥር ያለውን የማኅበሩን ማረፊያ ቤት ለብዙ ዓመታት ብቻውን የጠበቀ ሰው ነው። በባልካን ዋናው ሸንተረር ላይ የብረት ምሰሶ ሞልቷል፤ ጉም ሲወርድ ተጓዡ አንዱን ተደግፎ ሌላውን በዓይኑ ይፈልጋል። ከሱሃር ጫፍ እስከ ቮይኒካ ጫፍ ያለው የጎን ሸንተረር ግን ምሰሶም፣ ዱካም፣ ቀለም የተቀባ ድንጋይም የለውም። ስታሜን እዚያም ምሰሶ ይተከል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እኔ ደግሞ ለማኅበሩ አባላት በካርታና በኮምፓስ መጓዝን የማስተምር ሴት ነኝ። ያ ሸንተረር ለትምህርቴ የቀረልኝ የመጨረሻው ቦታ ነበር። ምሰሶ ከገባበት የማስተምርበት የለኝም።

"መምህርት" አለኝ ስታሜን ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "አምና በመከር ከዚያ ሸንተረር ባልና ሚስት ተሸክሜ ስወርድ አንቺ የት ነበርሽ?"

"ቤቴ። ሰዎቹ ካርታ ማንበብ ቢያውቁ አንተም ቤትህ ትሆን ነበር።"

"የኔ ቤት እኮ እዚያው ነው።"

"ታዲያ ምን አለፋህ? እግረ መንገድህን ነው።"

ሰው ሳቀ። ስታሜን አልሳቀም።

"ቴሜኑጋ፣ አፍሽ ተራራ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እግርሽስ?"

"ከሱሃር ቮይኒካ ብቻዬን እሄዳለሁ። ካርታና ኮምፓስ ብቻ። ስልክ የለ፣ ሳተላይት የለ፣ የማንም እርዳታ የለ።"

"ከየትም ቢሆን እርዳታ ካገኘሽስ?"

"የመጀመሪያውን ምሰሶ በጀርባዬ ተሸክሜ እወጣለሁ።"

"በሰላም ከደረስሽ እኔ ሐሳቤን እተዋለሁ" አለ።

ሊቀመንበሩ ድምፅ አሰጠ። ሁሉም እጅ አወጣ። የማኅበራችን አባላት በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ለሚጫን ነገር ሁሉ እጅ ማውጣት ይወዳሉ።

በመከር፣ ስታሜን ቮይኒካ ጫፍ ባለው ድንጋይ ላይ ቀይ መሐረብ አሰረ። እሱን ፈትቼ ማረፊያው ድረስ ማምጣት ነበረብኝ። እኔ በዚያው ጠዋት ሱሃር ጫፍ ላይ ቆሜ ካርታዬን ዘርግቻለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ቮይኒካ ከፊቴ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስላል። እንዲህ ያለ ጠዋት ነው ሰውን የሚያሳብደው፤ ዓይኑ ስላየ ብቻ እግሩ የደረሰ ይመስለዋል። እኔ ግን አቅጣጫዬን በኮምፓስ ለክቼ ያዝኩ። የሚታይን ነገር መለካት ምን ያደርጋል የሚሉኝ ተማሪዎች አሉ። ለእነሱ መልስ መስጠት ትቻለሁ።

በቀጥታ መሄድ አይቻልም፤ ቀጥታው መስመር ገደል ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከገደሉ በላይ ዞሬ፣ የድንጋዩን ክምር ተሻግሬ፣ ከዚያ ድንክ ጥዱን ሰንጥቄ ወደ ቮይኒካ ረጅም ጀርባ መውጣት ነው ዕቅዴ። ጫፉ ላይ በቀጥታ አላነጣጠርኩም፤ ሆን ብዬ ወደ ግራ አደረግሁ። በቀጥታ አነጣጥሮ የሳተ ሰው ጀርባው ላይ ሲወጣ ጫፉ በግራው ይሁን በቀኙ አያውቅም። ሆን ብሎ ወደ ግራ የሳተ ግን ወደ ቀኝ መታጠፍ እንዳለበት ያውቃል። በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው፤ አውቆ መሳት።

የድንጋዩ ክምር መሃል ስደርስ ጉሙ መጣ። ከሸለቆው ቀስ ብሎ ወጥቶ መጀመሪያ ቮይኒካን፣ ቀጥሎ ገደሉን፣ በመጨረሻም የራሴን ጫማ ወሰደ። አልደነገጥኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ በጠራ ቀን ተሻገረች ተብዬ እንዳልታማ የሚያደርግ ጉም ነበር። ኮምፓሱን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ዓይኔ የሚደርስበትን አንድ ድንጋይ እመርጣለሁ፣ እሱ ጋ እሄዳለሁ፣ ሌላ እመርጣለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ተራራ ላይ ሰውን በሕይወት የሚያቆየው አብዛኛው ነገር አሰልቺ ነው።

ያኔ ደወሉ ጀመረ።

ማረፊያው ደጅ ላይ ትልቅ ደወል አለ። ጉም ሲወርድ፣ ተራራው ላይ ሰው እስካለ ድረስ፣ ቤት ጠባቂው መደወል አለበት። ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ ይደወልለታል። የሰማውም በፊሽካ ፉጨት ይመልሳል፤ ደዋዩም በየመሃሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ፉጨቱን ሲሰማ ሰውየው ደህና መሆኑን ያውቃል። ይህን የማያውቅ የባልካን ተጓዥ የለም።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ደወል እርዳታ ነው። ደወሉን ሰምቼ ከደረስኩ፣ በስብሰባው ላይ "በደወሌ መጣች" ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ ምሰሶውም በጀርባዬ ይሆናል። ደግሞም በጉም ውስጥ ድምፅ ውሸታም ነው። የሱሃር ገደል ድምፁን ተቀብሎ ይመልሰዋል፤ ደወሉ አንዴ ከፊቴ፣ አንዴ ከኋላዬ ይጮሃል። የእኔ ኮምፓስ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያሳየው። ፊሽካዬ በአንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አልነፋሁትም። ብነፋው ሰምቻለሁ ማለት ነው።

ተቀምጬ ከምሳዬ ላይ ዳቦውን አወጣሁ። ለስላሳውን መሃሉን በጣቴ ለውሼ ሁለቱንም ጆሮዬን ደፈንኩ። ቅርፊቱን በነጭ አይብ በላሁት። ዓለም ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነበር። ከክምሩ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከእግሬ ሥር ከዳኝና ሄደ፤ ሌሎቹንም ይዞ ሄደ። ድምፁን አልሰማሁም፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ግን በጫማዬ ሥር ተሰማኝ። እኔ በዚህ ወገን ስለቀረሁ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ድንክ ጥዱ ደግሞ የተረገመ ነገር ነው፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ ቁልቁለቱ ተኝቶ ስለሚያድግ ሰውን እያባበለ ወደ ታች ይወስደዋል። በሆዴ ተሳብኩ። ኮምፓሱ ቀኝ ሲለኝ ጥዱ ግራ ይለኛል፤ እኔም ከሁለቱ ጋር ጮክ ብዬ ተጣላሁ። መጨረሻ ላይ ከእግሬ ሥር ሣር መጣ፣ ቁልቁለቱ በሁለቱም ወገን ሆነ። የቮይኒካ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። አንድ ጉብታ አለፍኩ፣ ሌላም አለፍኩ፤ ሁለቱም ጫፍ ነን ይሉ ነበር። ካርታው አይደላችሁም አላቸው። ከሦስተኛው ላይ ቀይ መሐረብ ነበር።

ፈታሁትና ኪሴ ከተትኩት። በዚያ ጉም ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ለስብሰባው የማደርገውን ንግግር ጀመርኩ፤ ጥሩ ንግግር ነበር። ከዚያ ዳቦውን ከጆሮዬ አወጣሁ።

ደወል የለም።

መጀመሪያ ያሰብኩት "ሰለቸው" ብዬ ነው። ከጫፉ ወደ ማረፊያው የሚወርደው መንገድ ምልክት ያለበት ስለሆነ እየተቆጣሁ ወረድኩ። ሰው ተራራ ላይ እያለ ደወል መተው ምን ማለት ነው? ይህንንም በንግግሬ ውስጥ ጨመርኩት።

በሩ ክፍት ነበር። ምድጃው ላይ የባቄላ ሾርባው አርሮ ቤቱ ጢስ ሞልቷል። ግድግዳው ላይ፣ ሁልጊዜ ገመዱና የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳው የሚሰቀሉበት ቦታ ባዶ ነው። እነዚያን ይዞ ለእንጨት ለቀማ የሚወጣ ሰው የለም። ከእግሬ ሥር የሄደውን ናዳ ሰምቷል። ተጣርቷል፣ ደውሏል፣ ፉጨት ጠብቋል። አልመለስኩም። እሱ ደግሞ የሚተካው ሰው ስለሌለ የደወሉን ገመድ ለቆ እኔን ፍለጋ ወጥቷል። ምሰሶ ወደሌለበት ሸንተረር። ምሰሶ እንዳይኖርበት እኔ ወደተከራከርኩለት።

ሾርባውን አነሳሁና ወጥቼ የደወሉን ገመድ ያዝኩ።

መደወል ቀላል ይመስላል። አይደለም። ገመዱ ሻካራ ነው፣ ደወሉ እልኸኛ ነው፣ ሲመለስ ትከሻን ይነቅላል። ደወልኩ፣ ዝም ብዬ አዳመጥኩ፣ ደወልኩ። ምንም የለም። መዳፌ ተላጠ። ጉሙን ሰደብኩት፣ ስታሜንን ሰደብኩት፣ የሚሰደብ ሌላ ሰው ሳጣ ራሴን ጀመርኩ፤ እሱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ቀኑ እየጠቆረ ነበር። ቮይኒካ ጫፍ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አንድም ቃል አልመጣልኝም። ደወልኩ።

ከዚያ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፤ ከታች፣ ማንም ሊመጣበት ከማይገባ ወገን። ገመዱን አልለቀቅኩም። ፉጨቱ ቀረበ፣ ራቀ፣ እንደገና ቀረበ። በመጨረሻ ጉሙ ውስጥ አንድ ጥላ ቆመ።

"እንዲህ ነው የሚደወለው?" አለ ስታሜን። "ቤቴ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር።"

"ሾርባህ ተቃጥሏል።"

ፊቱ በጥድ ቅርንጫፍ ተቧጭሯል፤ አንዱን እግሩን ይጎትታል። ደፉ ላይ ተቀመጠ።

"ደህና ነሽ?"

"ምን እሆናለሁ? ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከጅረቱ።"

"ጅረቱ ጋ ምን ልታደርግ ወረድክ? ናዳው እኮ ከላይ ነው!"

"ድምፁ ከዚያ የመጣ መሰለኝ።"

"ካርታ ይዘህ ነበር?"

"ለዚህ ተራራ? ሴትዮ፣ እዚህ ነው የተወለድኩት።"

"እና ጠፋህ።"

"ጠፋሁ" አለ። "አንቺስ? ጉሮሮዬ እስኪነቃ ተጣራሁ። ክንዴ እስኪዝል ደወልኩ። ጆሮሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ዳቦ ነበረበት።"

ስታሜን ጆሮዬን ጠጋ ብሎ አየ።

"ምን ዳቦ?"

"የስንዴ።"

ራሱን ይዞ ወደ ጉልበቱ አጎነበሰ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም። እግሩን አጥቤ አሰርኩለት፤ ሁለታችንም ራኪያ የሚባለውን አረቄ ጠጣን፤ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"አሸንፈሻል። ደወሉን አልሰማሁም ካልሽ አልሰማሽም። ምሰሶ አይተከልም።"

"ስታሜን፣ ማን ውጣ አለህ? ውርርድ እኮ ነው! እኔ ምን እንደምሠራ አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ። እኔ ነኝ ማወቅሽን የማላውቀው። ፊሽካው የተሠራው ለኔ ነው፤ ላንቺ መሰለሽ?"

እውነቱን ነው። ስለዚህ ተቆጣሁ።

"አንድ ሰው ብቻውን ቤት የሚጠብቅበት፣ ብቻውን የሚደውልበት፣ ብቻውን ፍለጋ የሚወጣበት ማኅበር ምን ዓይነት ማኅበር ነው?"

"ምሰሶ የሌለው ማኅበር" አለ ስታሜን፣ ራኪያውን እየቀዳ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስታሜን በአንካሳ እግሩ ተነሥቶ ሐሳቡን መተዉን ተናገረ። ቃሉን ጠበቀ፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ እንኳ አልነበረም፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ። እኔም ተነሣሁ። ምሰሶ አያስፈልግም አልኩ፤ ዛሬም አላስፈለገም። ነገር ግን ምሰሶ በሌለበት ሸንተረር ሥር፣ በመከር ወራት የደወሉን ገመድ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ማረፊያው ውስጥ መኖር አለበት አልኩ። ሊቀመንበሩ ማን ፈቃደኛ እንደሆነ ጠየቀ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ስታሜን ብቻ እኔን ያያል።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በመከር ቅዳሜና እሑድ የምገኘው ማረፊያው ውስጥ ነው። ሽንኩርት እልጣለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ጉም ሲወርድ እደውላለሁ። ተማሪዎቼን ወደ ሱሃር እልካቸዋለሁ፤ ፉጨታቸውን እስክሰማ ድረስ ከገመዱ አልለይም። ምሰሶ ቢተከል ኖሮ ቤትሽ ሶፋ ላይ ተጋድመሽ ትውዪ ነበር ይለኛል ስታሜን፣ በየሳምንቱ። እኔም በየሳምንቱ የምመልሰው አለኝ፤ ብረት ተራራ ላይ መትከል ስንፍና ማስተማር እንደሆነ ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ። ግን ደዋይ በየመሃሉ ዝም ብሎ ማዳመጥ ስላለበት፣ ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን ወደ ጉሙ ዞረን እንቆማለን። ክርክሩ እስካሁን ያላለቀው በዚህ ምክንያት ነው።