አራተኛዋ ጣት

…እና አንድ መስመር ብቻ ነው የሰጧት፣ «በቤት የሚነገር ቋንቋ» ይላል ቅጹ፣ ከጎኑ ነጥብ ነጥብ፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ ይህን የሚሞላ መምህር ሁሉ እዚች ጋ ምን ይጽፍ ይሆን፣ ዲቦራ እስክሪብቶዋን ታኝካለች፣ ማራናታ የምትባለው የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ ደግሞ ከፊቷ ተቀምጣ የገዛ ጫማዋን ታያለች፣ ቲቸር፣ ከማን ጋር ስሆን ነው?

ከማን ጋር። ይኼን ደግሞ ማን አስቦት ያውቃል።

ከእማዬ ጋር በሸኮ፣ ከአባቴ ጋር በቤንችኛ፣ ጎረቤት ስንሄድ በአማርኛ፣ ልጅቷ ጣቶቿን እያጠፈች ትቆጥርና አራተኛዋን ጣት ይዛ ትቀራለች፣ ዲቦራ የራሷ አባት ትዝ ይላታል፣ በዚህ ቤት ቤንችኛ እንዳልሰማ፣ እንግሊዝኛሽን ያበላሽብሻል፣ ይል ነበር፣ እሱ ግን ሲናደድ በምን ነበር የሚሳደበው፣ በቤንችኛ ነዋ፣ ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ ከቤንችኛ ስድቡን ብቻ አጥርታ የምታውቀው።

ወደ ሥራሽ፣ ሴትዮ። የቃል ፈተናው ሥዕል ይኸውና፣ ዝናብ፣ ቅርጫት የተሸከመች ሴት፣ ውሻ፣ ያየሽውን በእንግሊዝኛ ተናገሪ፣ ሃያ ቃል ያልሞላለት ልጅ ዓመቱን ይደግማል፣ ማራናታ ጭጭ፣ የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ፣ ዜሮ ልትጽፍላት ነው፣ ዜሮ ግን እንዴት፣ የእንግሊዝኛ ደብተሯ እኮ አንድ ስህተት የለበትም፣ ይሄ ሁሉ የት ይገባል?

አራተኛዋ ጣትስ፣ ማራናታ?

እንግሊዝኛ ናት፣ ቲቸር። ከማን ጋር? ከዶሮዬ ጋር። ከዶሮ! ለምን ከዶሮ?

እሷ አትስቅማ።

ዲቦራ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። ጥቅምት ላይ ነው፣ ይቺው ልጅ ቆማ ስትናገር የእንግሊዝኛ ቃል አለቀባትና የአባቷን ቃል ሰካችበት፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ማን ቀድሞ ሳቀ፣ እውነቱን ተናገሪ እንግዲህ፣ አንቺ ነሽ፣ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ቢሆንስ፣ ልጅ በምን ይለየዋል፣ ሰባት ወር ሙሉ አንቺ ደሞዝ ትበያለሽ፣ ዶሮዋ ታስተምራለች።

ዲቦራ በእጇ ቁመት ትለካለች፣ ዶሮሽ ይህን ታክላለች? ከዚህ ዝቅ፣ ቲቸር። ዲቦራ ከወንበሩ ትወርዳለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ ትላለች፣ ምን ነካኝ በዚህ ዕድሜ፣ በይ ንገሪኝ፣ ልጅቷ ታያታለች፣ አሁንም ታያታለች፣ ከዚያ ይመጣል፣ ሬይን፣ ማዘር፣ ቢግ ባስኬት፣ ዶግ ኢዝ ዌት፣ ሲጎድልባት የእናቷን ወይ የአባቷን ቃል ትሰካና ትቀጥላለች፣ ደግሞ እኮ አትሰናከልም፣ ዲቦራ እንግሊዝኛውን ለይታ ትቆጥራለች፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ ደስታዋ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ሳቅ ሊሆን ነው፣ እንዳትስቂ፣ በእግዚአብሔር እንዳትስቂ፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ አሥራ ዘጠኝ፣

በሩ ይከፈታል። ርዕሰ መምህሩ፣ ጋሽ ገሠሠ፣ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ፣ ዲቦራ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው መሬት ለመሬት? አፏን ብትከፍት ሳቁ ያመልጣታል፣ አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ቀርቷት፣ አበቃ፣ ይቺ ልጅ እንደገና ትዘጋለች፣ ለዘላለሙ ነው የምትዘጋው።

ማራናታ ትነሳለች። ጋሽ ገሠሠን ቀና ብላ ታያለች፣ ዶሮን ሳይሆን ሰውን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰውን፣ ሰር፣ ትላለች ጮክ ብላ፣ ቲቸር ኢዝ ማይ ሄን።

ዶሮዬ ናት። ሃያ አራት ቃል። ጋሽ ገሠሠ አንዴ መምህሯን አንዴ ተማሪዋን ያያሉ፣ ዲቦራ ከንፈሯን እንደነከሰች ነው፣ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ፣ ዛሬ አንቺ አትቀድሚም፣ እና ቀድማ የምትስቀው ማራናታ ናት።