በአፍ የተነገረ ልክ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፣ የሚከተለው ይታወቅ፦ በአንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት አጭር እጅጌ ያለው ሸሚዝ ለብሳ ከቤቷ ወጣች። ሸሚዙ ሰማያዊ ነበር። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ሙቀቱ ገና ከማለዳው አናት ይበሳ ስለነበር መንገድ ላይ ካለው ሰው ግማሹ እንደዚያው ለብሷል፤ ስለ እነሱ ግን ማንም ምንም አላለም።

ስለ እሷ ግን እናቷ ተናገረች። በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

"ልጄ፣ ሹራብሽን ረሳሽው" አለቻት።

"አልረሳሁትም፣ እማ።"

"ነፋስ እንዳይመታሽ ብዬ ነው።"

ነፋስ አልነበረም። ከነበረም ሌላ አገር ነው የነበረው። እናትየው ግን ከዓመታት ወዲህ ነፋስን፣ ብርድን፣ አቧራንና ፀሐይን እያፈራረቀች ስትከስ ኖራለች። እንግዳ መጥቶ ልጇ ጓዳ እንድትቆይላት በፈለገች ቁጥር ከነዚህ አንዱ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። የልጇን ፎጣ ከቤቱ ፎጣ ለይታ የምትሰቅለውም "ያንቺ ቶሎ እንዲደርቅልሽ" ብላ ነው። የሚሰቀለው ጥላ ውስጥ ነው።

ነገሩ የቆዳ ነገር ነው። መጀመሪያ ክርኗ ላይ የሳንቲም ያህል ቀላ፤ ከላዩ ነጭ ቅርፊት አበጀ። ቀጥሎ ሌላው ክርን፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ አንገቷና የፀጉሯ መነሻ፣ በመጨረሻ ደግሞ ከሁሉም ቢቀርላት የምትመርጠው ቦታ፣ እጇ። ሲብስበት ይሰነጠቅና ይደማል፤ ሲሻለው ይፈረፈራል። ጥቁር ከለበሰች ትከሻዋ ላይ ዱቄት የተነፋባት ትመስላለች። ጎረቤት "በሎሚ እሺው" አላት፤ አሸችው፤ ነደዳት። ሌላው "ማር ቀቢው" አላት፤ ቀባችው፤ ከትራሷ ጋር ተጣብቃ አደረች። የአክስቷ ጓደኛ ደግሞ "ሐሳብ ነው፣ አታስቢ" አለቻት። ይህኛው ከሁሉም የከፋ መድኃኒት ነበር፤ ላለማሰብ የሚያስፈልገው ሐሳብ ብዙ ነው።

የቆዳ ሐኪሟ ሌላ ነገር ነገረቻት። "ሶሪያሲስ ይባላል። የሰውነትሽ መከላከያ የገዛ ቆዳሽን ጠላት መስሎት ነው የሚታገለው። አይጋባም። በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በፎጣ አይተላለፍም፣ በብርጭቆ አይተላለፍም። ነቅሎ የሚጥልልሽ መድኃኒት የለኝም፣ አልዋሽሽም። የሚያበርደው ግን አለኝ።" ቅባት አዘዘችላት። ቅባቱ አበረደ፤ እጇ መድማቱን ተወ፤ መልኩ ግን ያው ነው። ባለፈው ቀጠሮዋ ሐኪሟ የሴትየዋን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ አየችና፣ "በዚህ ሙቀት ለምን ታፍኚዋለሽ? ከማን ነው የምትደብቂው?" አለቻት። ሴትየዋ ለመመለስ ሰዎቹን በልቧ መቁጠር ጀመረችና በዙባት።

ሰኞ በአጭር እጅጌ የወጣችው ለዚህ ነው። የምትሄደውም ወደ ስፌት ቤቱ ነው፣ ወደ ሥራዋ።

ስፌት ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ትልቅ መስታወት፣ ሶፋና ማራገቢያ አለው፤ ደንበኛ የሚለካው እዚያ ነው። የኋለኛው ደግሞ የስፌት ማሽኖች፣ የካውያ እንፋሎትና ከጣሪያው ሥር የተሸጎጠች አንዲት መስኮት አሉት። ሴትየዋ ልክ ወሳጅ ነበረች። ስሟን ረስተው "ሜትር" ይሏታል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ማንም ሰው ሲለካ ሕፃን ይሆናል፤ ክንዱን አንስቶ ይቆማል፣ ሆዱን ይስባል፣ ይሽኮረመማል፣ ያልተጠየቀውን ይዘከዝካል። ሜትር ይህን ትወድ ነበር። በቀን ስንት ሰው ክንዱን ያነሳላት ነበር።

ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ የቆራጩ የጋሼ ሕግ ነው። ልክ ከአፍ አይወሰድም። "ወገቤን እኔ አውቀዋለሁ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የሚያውቁትማ በሠርግዎ ቀን የነበረውን ነው። ይለኩ" ይሉታል። ደንበኛው ሲወጣ ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን በአፍ ለተነገረ ልክ መቀስ አንስተው አያውቁም።

የቆዳው ነገር እጇ ላይ ሲወጣ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው የስፌት ቤቱ ባለንብረት ጠሯት። "ሜትርዬ፣ የኋላው ክፍል ያላንቺ አልሆን አለኝ። ዓይን ያለው ሰው ይፈልጋል። የእጅ ስፌቱን ያዥልኝ" አሏት። አነጋገራቸው ሹመት ይመስል ስለነበር "እንኳን ደስ አለሽ" ያላትም አልጠፋ። ከዚያ ወዲያ የራሷ ወንበር ተሰጣት፣ "ለጀርባሽ እንዲመችሽ"። የራሷ ብርጭቆም፣ "ማንም እንዳይነካብሽ"። ወንበሩ ጥግ ነው። የእሷ እጅ የዘመዘመውን ቀሚስ ከተማው ለብሶት ይዞራል፤ ያ ማንንም አላስጨነቀም። የሚያስጨንቀው እጁ ነበር።

ያን ቀን በሰማያዊው ሸሚዝ ስትገባ ማሽኖቹ በአንድ ጊዜ ቆሙ፣ በአንድ ጊዜም ተነሡ። ሳቂታ የሚሏት ባለማሽን፣ በወሬ መሐል ሳትስቅ መተንፈስ የማትችለው፣ ክር ለማስገባት አጎነበሰች። ክሩ ገብቶ ነበር።

ሜትር ቦርሳዋን እንደያዘች እትዬ ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ ወደ ፊት ክፍል መመለስ እፈልጋለሁ። ልክ መውሰድ።"

"ውይ! ማን ከለከለሽ? እኔ ነኝ የከለከልኩሽ?"

"አይደለም፣ ግን..."

"እኛማ ቤተሰብ ነን፣ እናውቅሻለን። ደንበኛው ነው እንጂ ክፉው። ሰው አያውቅም፣ ሜትርዬ። አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው አንጀቴ የሚላወሰው።"

"ሐኪሜ አይጋባም ብላለች።"

"ታዲያ ይጋባል ያለ ማነው?" አሉ ጋሼ ከመቁረጫው ጠረጴዛ።

"ማነው ያለው?" አለ ልብስ ተኳሹ ከእንፋሎቱ ውስጥ። ይህ ጎልማሳ ሌላው ያለውን ከመድገም በቀር የራሱን አሳብ ሲናገር የሰማው የለም።

"እኔ በበኩሌ ምንም አይመስለኝም" አለች ሳቂታ፤ ወንበሯን ግን ትንሽ ሳበች፣ ወደ ግድግዳው።

በዚያ ሳምንት ስፌት ቤቱ የሚጠብቀው ትልቅ ሥራ ነበር። የአንድ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊ ለሠራተኞቿ ሁሉ የደንብ ልብስ ልታሠራ ፈልጋ፣ ቤቱን ለማየት ዓርብ እመጣለሁ ብላለች። እትዬም ሠራተኛው ሁሉ አዲስ አረንጓዴ የሥራ ጋውን ለብሶ እንዲቀበላት ጨርቁን ገዝተው አስቀምጠዋል። አሁን ጨርቁን አዩ፣ ሜትርን አዩ፣ ከዚያም ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ።

"እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ለጋውናችን አንቺ ለኪን። ዓርብ ሴትየዋ ስትመጣ ደግሞ ፊት ክፍል የምትቆሚው አንቺ ነሽ። በቃ?"

"በቃ፣ እትዬ።"

ሜትሩን ከመንጠቆው አወረደችና ከክፍሉ መሐል ቆመች። "ማን ይቅደም?" አለች።

ማሽን እየሠራ ሳለ ዝም ማለት ይቻላል። ማሽኖቹ ግን ቆመው ነበር።

"እኔን ተዪኝ" አለች ሳቂታ፣ "የእኔን ልክ አውቀዋለሁ። ቅርብ ጊዜ ቀሚስ ሰፍቻለሁ።" ተናገረችው። ወገቧን የጠራችው ምኞቷን በምትጠራበት ድምፅ ነበር።

"እኔ ላብ በላብ ነኝ፣ አላቆሽሽሽም" አለ ተኳሹ። "የወንድሜን ልክ ጋሼ ያውቁታል። እኔና እሱ አንድ ነን።" ወንድሙ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነው።

"እኔም ያው ነኝ" አሉ እትዬ፣ "መቼ ተለወጥኩ? የድሮዬን አድርጉልኝ።"

ሜትር ወደ ጋሼ ዞረች። ሕጉ የሳቸው ነው። ጠመኔው በእጃቸው ነበር።

"እርስዎስ፣ ጋሼ?"

ጋሼ ጠመኔውን በጠረጴዛው ሥር ሲፈልጉ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቶ ነበር፤ ከማጎንበስም ሊሆን ይችላል። "እኔ ቆራጭ አይደለሁ፣ ልጄ? ራሴንማ አላጣውም" አሉ። ከዚያም የሁሉንም ልክ፣ ከየአፉ እንደወጣ፣ በጨርቁ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ጻፉ። ሕጉ ያለ ለቅሶ ተቀበረ።

ሜትር የቀራት ራሷ ናት። ራስን መለካት አስቸጋሪ ነው። የሜትሩን ጫፍ በጫማዋ ረግጣ ቁመቷን ወሰደች፤ በጥርሷ ነክሳ ክንዷን ወሰደች። ጫፉን ልያዝልሽ ያላት የለም፤ ሁሉም ሥራ በዝቶበት ነበር። የጀርባዋን ስፋት ግን ብቻዋን ልትወስደው አልቻለችም። ሜትሩን ይዛ ወደ ቤት ሄደች።

"እማ፣ ይቺን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ያዥልኝ።"

እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ያዘችላት። የልጇን የፀጉር ሥር፣ ቀዩን ቦታ፣ ጣቷ ነካው። ከስንት ዘመን በኋላ እንደነካቻት ሁለቱም በልባቸው እያሰሉ ነበር።

"ይግላል" አለች እናትየው ቀስ ብላ። "ትኩስ ነው። አላውቅም ነበር።"

"አንዳንዴ ነው።"

"ያምሻል?"

"ዛሬ አላመመኝም።"

ልጅየዋ ልኩን አንብባ ሜትሩን ጠቀለለች። ደስ ብሏት ነበር ማለት ይቻላል። ወዲያው ከወጥ ቤት የውሃ ድምፅ ሰማች፤ ቧንቧው ረጅም ጊዜ ፈሰሰ። እናቷ ሰሃን እያጠበች ይሆናል ብላ ገመተች። ሰሃኖቹ ግን ታጥበው መደርደሪያው ላይ ነበሩ፤ ያጠበቻቸው ራሷ ልጅየዋ ነች።

ዓርብ ጠዋት ጋውኖቹ ተለበሱ።

ይህን ያህል የሙያ ሰው ባንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ይህን የመሰለ ነገር ለብሶ መቆሙን ለማመን ይከብዳል። የተኳሹ እጆች እጅጌው ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል፤ የካውያውን እጀታ በጨርቁ ላይ ነው የሚይዘው። ሳቂታ ክንዷን ወደ ላይ ማንሳት ስላልቻለች ፀጉሯን ሌላ ሰው ነው ያስተካከለላት። የጋሼ ጋውን ከኋላ ተንጠልጥሎ ከፊት መሬት ይነካል፤ በቆራጭነት ዘመናቸው የጎበጠ ጀርባቸውን ረስተውታል። እትዬ ደግሞ በአጭር በአጭሩ ነበር የሚተነፍሱት።

"ያምርብሃል" አለችው ሳቂታ ተኳሹን።

"ጨርቁ ገና አዲስ ነው፣ ሲታጠብ ይመለሳል" አሉ ጋሼ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

"ይመለሳል" አለ ተኳሹ።

ስለ ሜትር ጋውን ማንም አልተናገረም። ትከሻው ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ወገቡ ወገቧ ላይ። እጅጌውን አጭር አድርጋ ነው የሰፋችው። ክንዶቿ ወጥተዋል፣ ከነቀዩ፣ ከነቅርፊቱ። ፊት ክፍል፣ መስታወቱ አጠገብ ቆመች።

ኃላፊዋ በቀጠሮዋ ሰዓት መጣች። አጭር፣ ቀጭን፣ ብዙ የማታወራ ሴት ነች። እትዬ "እንኳን ደህና መጡ" እያሉ ሶፋውን አሳዩዋት፤ አልተቀመጠችም። ከተኳሹ እጅጌ ወደ ሳቂታ ብብት፣ ከሳቂታ ብብት ወደ ጋሼ ጫፍ ዓይኗን አዟዟረች።

"የለበሳችሁት እዚሁ የተሰፋ ነው?"

"እዚሁ ነው! በገዛ እጃችን" አሉ እትዬ።

"የለካችሁ ማነው?"

ማራገቢያው አንድ ዙር ዞረ።

"እሷ ነች" አሉ እትዬ፣ ፈገግ ብለው ወደ ሜትር እየጠቆሙ። "ልክ ወሳጃችን።"

ሜትር ጆሮዋን አላመነችም። ከዚያ አመነች። ለአፍታ ሹራቧን፣ ጥጉን፣ የኋላውን ወንበር ፈለገች።

"እኔ የለካሁት ይቺን የለበስኳትን ብቻ ነው" አለች። "የሌሎቹን በአፋቸው ነገሩን።"

"በአፋቸው?" አለች ኃላፊዋ። "እናንተ ልብስ ሰፊዎች አይደላችሁ? ለምን?"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። እትዬ የሚናገሩትን ለማምጣት አየር ሳቡ፤ በዚያ ቀን በረጅሙ ሲስቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። የጋውናቸው ደረት ተወጠረ፣ አንዲት ቁልፍ ተፈነጠረች፣ ሴራሚኩ ላይ እየተንደረደረች ሄዳ ሜትር እግር ሥር ቆመች።

ሜትር ጎንበስ ብላ አነሳቻት። መዳፏ ላይ አድርጋ ለእትዬ ዘረጋችላቸው።

የእትዬ እጅ ተነሥቶ መንገድ ጀመረ፤ መሐል ሲደርስ ቆመ።

"ጠረጴዛው ላይ አድርጊልኝ፣ የኔ እህት" አሉ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ።

ሜትር እጇን አልሰበሰበችም። ቁልፏ መዳፏ ላይ እንዳለች፣ ክንዷን እንደዘረጋች ጠበቀች። ኃላፊዋ ትመለከት ነበር፤ የምትመለከተው ግን የሜትርን እጅ አልነበረም። የእትዬን ነበር፣ ቀስ እያለ ወደ ጀርባቸው የሚሄደውን።